አረማሞ ምን ቀለም ነው?

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁባት መተማ፣ ከሰሊጡና ከጥጡ ጎን የሚቆመው ማሽላ ዛላውን ሲያወጣ ከሩቅ ያማረ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት አንዳንዱ ፍሬ ፍሬ አይደለም፤ ግራጫ ስስ ሽፋን ያለው፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ከረጢት ነው። በጣት ሲጫኑት ጥቁር ዱቄት ይበተናል። አረማሞ ይሉታል።

ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ከማሳ ሳይሆን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በዘዳግም 28 ከእርግማኑ መካከል፣ በሐጌ 2 ከበረዶው ጋር፣ ሁሌም ከዋግ ጋር ተጣምሮ። በዕብራይስጡ በቦታው ያለው «ዬራቆን» ሲሆን መገርጣት፣ ቢጫ መሆን ማለት ነው። የሥሩ ዘመድ እኛም ቤት አለ፦ የቋንቋ ሊቃውንት ከግዕዙ «ወርቅ» ጋር ያዛምዱታል። እንግዲህ መቅሠፍቱ በመነሻው እህል የሚያገረጣ እንጂ የሚያጠቁር አልነበረም።

ዘመናዊው ግብርና ጥንዶቹን አፋታቸው። ዋግ በስንዴው ላይ ቢጫ ዋግ፣ የግንድ ዋግ እየተባለ ተሸነሸነ፤ አረማሞ ጥቁሩን ወሰደ። ከ«አረም» የመጣ ነው የሚሉ አይጠፉም። ጆሮን ይሸነግላል እንጂ እኔን አያሳምነኝም፤ አረም ከሰብሉ ጎን ቆሞ ይሻማል፣ አረማሞ ግን ገና በቡቃያው ገብቶ፣ ምንም ሳያሳይ አብሮ ያድጋል።

ሌሎች ቋንቋዎች ስሙን ያወጡት ከእሳት ነው። የላቲኑ «ኡስቲላጎ» ከማቃጠል፣ የፈረንሳዩ «ሻርቦን» ከከሰል። ዐረብኛውም «ተፈሑም» ይለዋል፣ ከሰል ከሚለው «ፈሕም»፤ የግዕዙ «ፍሕም»፣ የኛው «ፍም» ወንድም መሆኑ ነው። ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ያለው ቋንቋ ለበሽታው የሰጠውን ሥር እኛ ምድጃ ላይ ትተነዋል።

አንድ ስም ለብዙ በሽታ መዋሉ ግን ገበሬውን ያስከፍለዋል። በከረጢት የተሸፈነው አረማሞ ብናኙ በውቂያ ጊዜ ከጤናማው ዘር ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ዘሩን ሳይዘሩ በፊት እንደ ታይራም ባለ መድኃኒት ማሸት ይበጀዋል። ዛላውን በሙሉ ወደ ጥቁር ብናኝ የሚለውጠው ሌላው አረማሞ ግን አፈር ውስጥ ይከርማል፤ የታሸ ዘርም ቢዘራ ከሥር ያገኘዋል። በመተማዋ ገንዳ ውሃ «ማሽላዬን አረማሞ መታብኝ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ፦ ፍሬ ፍሬውን ነው ወይስ ዛላውን እንዳለ?