ሽቶ ውስጥ ያለው ጥርኝ



ሰሞኑን እዚሁ ዲክሲስ፣ ደጃችን ላይ የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ነበር። አንዷ የእናቷን ሽቶ ይዛ መጥታ በየእጃቸው ላይ ትረጫለች። "ጋሼ፣ ሽቶ ከምንድን ነው የሚሠራው?" አሉኝ። ስንት ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ከሚያውቁት ነገር ልጀምር አልኩና ጓዳ አስገባኋቸው።

"ቅቤ ከሽንኩርት አጠገብ ቢያድር ምን ይሆናል?" "ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል!" በቃ፣ አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ስብ ሽታ ይይዛል። ፈረንሳይ ውስጥ ግራስ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ የጃዝሚን አበባ ስብ ላይ እየደረደሩ ሽታውን ያስጠጡት ነበር። ኋላ ስቡን በአልኮል አጥበው ሽታውን ይለያሉ። ሁለተኛው መንገድ የአረቄ አወጣጥ ነው። እንፋሎቱ ተነስቶ፣ በቱቦ አልፎ፣ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። የጽጌረዳ ዘይትም የሚወጣው እንደዚሁ ነው።

ግን ሽታ ይበራል። ጠዋት የረጩት ማታ ድረስ እንዲቆይ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስደርስ ደረቴን ነፋ አደረግኩ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ወደ አገራችን ይመጣል።

ያ ነገር ዝባድ ነው። ጥርኝ ከሚባለው የዱር እንስሳ፣ ከጅራቱ ሥር ካለ ከረጢት የሚወጣ ቅባት። ብቻውን ሲሸቱት አፍንጫ ያስይዛል፤ በጣም ቀጥኖ ከሌላ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ግን ሽቶውን ያሞቀዋል፣ ያቆየዋልም። እንደ ሚጥሚጣ በሉት፤ በማንኪያ አይበላም፣ ወጥ ላይ ጣል ሲያደርጉት ግን ሌላ ነው። ፈረንጆች "ሲቬት" የሚሉትም "ዝባድ" ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው።

ከእኛ ከአርሲ ወደ ምዕራብ፣ ከጊቤ ማዶ ያለው አገር በዝባድ የታወቀ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ባጊቦ ዘመን ከሊሙ እናርያ፣ ከሳቃ ገበያ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃሙ ባሶ በኩል ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ ይደርስ ነበር። በዚያው መንገድ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ለባርነት ይነዳ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ዝባዱ በከብት ቀንድ ታጭቆ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር። ኤርነስት ቦ በ1921 እ.ኤ.አ. በቀመመው በዝነኛው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥም ዝባድ ነበረበት።

እኔ "አያችሁ፣ ያለ እኛ…" ብዬ ልቀጥል ስል አንዲት ትንሽ ልጅ "ጋሼ፣ ሲያወጡለት ያመዋል እንዴ?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ክፍል ልዘለው አስቤ ነበር።

ያመዋል። ጥርኝ ታስሮ ስለማይራባ ከዱር ነው የሚጠመደው። ወንዱ ይመረጣል። መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ጭስ ባለበት ጨለማ ቤት ይቀመጣል። በየዘጠኝና በየአሥር ቀኑ ገደማ ጅራቱንና እግሩን ስበው ይይዙትና ቅባቱን በማንኪያ ይፍቁታል። የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። ከሚያዙትም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ።

ሌላው ልጅ ተቆጣ። "ታዲያ ሰዎቹ ክፉ ናቸው!" አለ። ቆይ አልኩት። ያ ገበሬ ሥራውን ከአባቱ ወርሶ ነው የሚሠራው። ጥርኙን ሥጋ፣ እንቁላልና ገንፎ ያበላል፤ እንዳይበርደው እሳት ያነድለታል። ጠርሙሱ ላይ የገበሬው ስም የለም፣ ያገሩም ስም የለም። ትልቁ ገንዘብ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው። ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ጭነን፣ ሽቶውን ለብሰን መሄድ አንችልም።

መልካሙ ዜና ሊዮፖልድ ሩዚችካ የሚባል ኬሚስት በ1926 እ.ኤ.አ. የዝባድን ዋና ሽታ አሠራር መፍታቱ ነው፤ በ1939 ኖቤል ተሸልሟል። ዛሬ ያ ሽታ በፋብሪካ ይሠራል። የእንስሳት ተቆርቋሪዎችም ጮኸዋል፤ ሻኔል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ ተክቼዋለሁ ብሏል። ለጥርኙ እፎይታ ነው። ለገበሬው ደግሞ ገበያው ሲሄድ በምን ይተካለት? ይህን ለልጆቹ አልመለስኩም፤ ለእናንተ ለአዋቂዎቹ ትቼዋለሁ።

ልጅቷ ልትሄድ ስትል እጇን አሸተተችና "የእኛስ?" አለች። "ከሱቅ የሚገዛው እንዲህ ያለው ርካሽ ሽቶ የፋብሪካ ነው፤ አይዞሽ" አልኳት። ሳቀች።

እኔ ግን ማታ ላይ ሳስበው ስንት ዓመት "አገራችን ዝባድ ትልክ ነበር" ብዬ ዝርዝር ውስጥ አስጽፌ ወደ ወርቁ አልፌያለሁ። ማን ፈቀው፣ ምን ታመመ ብዬ አላውቅም። ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ያን ደብተር ዛሬ አርሙልኝ። ጅማና ኢሉባቦር ያላችሁም ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ጻፉልኝ፤ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

ደህና እደሩ።