በፍርዱ ማግሥት

ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሣ የሚያገኘው የአሠሪውን ጥፋት ሲያስረዳ ብቻ ነበር። ምስክሩ ደግሞ ማን ነው? የዚያው አሠሪ ደመወዝተኛ! ኒውዮርክ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሸክም ከአደገኛ ሥራዎች ላይ አነሣች። አይቭስ የተባለ የባቡር ሠራተኛም ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ በአዲሱ ሕግ ከሰሰ። የግዛቲቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን፣ ያላጠፋን ማስከፈል ንብረት መንጠቅ ነው ብሎ ሕጉን ሻረው። ቀኑ ማርች 24፣ 1911 ነበር።

በማግሥቱ ትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ስደተኛ ልጃገረዶች ነበሩ። ባለቤቶቹ በሩ መቆለፉን ማወቃቸው አልተረጋገጠም ተብሎ በነጻ ተሰናበቱ። እንግዲህ ከሞቱት ማን መጥቶ ያስረዳ?

ሕዝቡ በ1913 ሕገ መንግሥቱን በድምፁ አሻሻለ፤ አዲሱ የካሣ ሕግም በ1914 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ባለቤቶቹ ከከሰሷቸው የሟች ቤተሰቦች ጋር ታረቁ፤ ለአንድ ነፍስ 75 ዶላር ያህል ከፍለው።