አግዳሚ ወንበሩን ማን ያሠራው?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ምህንድስና እንጂ ታሪክ አይደለም። እዚህ ጉዳይ ውስጥ የገባሁት በሥራ ሰበብ ነው። ባለፈው ዓመት በሁለት ቋንቋ የተጻፉ ሰነዶችን ጎን ለጎን እያመሳከረ የሚፈልግ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ለመሞከሪያ ለማንም ክፍት የሆነ፣ አንዱ ዓምድ በአንድ ቋንቋ ትይዩው በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ብዙ ሰነድ አስፈለገኝ። ስፈልግ ስፈልግ ዌልስ ደረስኩ። ያገኘሁት የገጠር መንደር ምክር ቤቶችን ቃለ ጉባኤ ነበር፤ በዌልሽኛና በእንግሊዝኛ።

አንድ ሁለቱን አይቼ ልተወው ብዬ ጀምሬ ሌሊቱ ተጋመሰ። የሚያስገርም ነገር ስላለበት አይደለም፤ እንዲያውም ምንም የለበትም። ከመንደር መንደር ብትሄዱ ነገሩ ያው ነው። የአውቶቡስ መጠለያው መስታወት ተሰብሯል። የመቃብር ቦታውን ሣር ላጨደው ሰው ይከፈለው። አንድ ገበሬ የከብት በረት ለመሥራት አመልክቷል፤ ተቃውሞ የለም። ውሾቻቸው መንገድ ላይ የሚጸዳዱባቸው ሰዎች እንዲያነሡ በድጋሚ ማሳሰቢያ ይለጠፍ (ይሄ የሌለበት መንደር አላገኘሁም)። ከዚያ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ አለ። እግሩ በስብሷል፤ ዋጋ ይጠየቅ። በወሩ፦ ዋጋ ቀርቧል፣ ተወዷል፣ ሌላ ይጠየቅ። በሌላው ወር፦ አናጺው አልመለሰም። ሳላውቀው የዚያ ወንበር ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ለሥራ ብዬ የከፈትኩትን ሰነድ ትቼ፣ ወንበሩ ምን ደረሰ ብዬ የሚቀጥለውን ወር እከፍታለሁ።

ለኛ ሰው ለማስረዳት ቀበሌ ማለት ይቀናል፤ ግን ቀበሌ አይደለም። መታወቂያ አይሰጥም፣ ቤት አያከራይም። ዕድር ነው እንዳይባል ደግሞ በሕግ የተቋቋመ ነው። አባላቱ በምርጫ ይገባሉ፤ ገንዘቡም መዋጮ ሳይሆን ግብር ነው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚያስፈልገውን ያሰላና ለትልቁ አውራጃ ምክር ቤት ያስታውቃል፤ አውራጃው ከዚያው መንደር ነዋሪዎች የቤት ግብር ጋር ደርቦ ሰብስቦ ያስረክበዋል። ትምህርት ቤት፣ ዋና መንገድ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሁሉ የትልልቆቹ ነው፤ እነሱ በመላው ዌልስ 22 ናቸው። ትንንሾቹ፣ የማኅበረሰብና የከተማ ምክር ቤት የሚባሉት፣ ከ730 በላይ ናቸው። የነሱ ድርሻ መቃብር፣ የልጆች መጫወቻ፣ የእግር መንገድ፣ የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት፣ አግዳሚ ወንበር ነው። ከዚህ ውጭ ባለው ሁሉ ማድረግ የሚችሉት ደብዳቤ መጻፍ ነው። መንገዱ ጎድጉዷል? ደብዳቤ። አውቶቡሱ ቀረ? ደብዳቤ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የገጠሩ ጉዳይ የሚወሰነው በአጥቢያ ነበር፤ አጥቢያ ስል በእውነትም የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ማለቴ ነው። በጉባኤው ላይ ድምፃቸው የሚሰማው ቄሱና ባለርስቱ ነበሩ። በዌልስ ይሄ እጥፍ ቅሬታ ነበረው፤ ምክንያቱም አብዛኛው አማኝ የሚሰግደው በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በየራሱ የጸሎት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው ሕግ ዓለማዊውን ሥራ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወስዶ ለተመረጠ የአጥቢያ ምክር ቤት ሰጠ። ከ300 ሰው በላይ ያለው የገጠር አጥቢያ ሁሉ ምክር ቤት እንዲኖረው ታዘዘ። የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አካባቢ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ምርጫ ያገቡ ሴቶችም ሳይቀሩ መምረጥም መመረጥም ይችሉ ነበር። ለፓርላማ ለመምረጥ ግን ሴቶች እስከ 1918 መጠበቅ ነበረባቸው። ከ1974 ጀምሮ በዌልስ አጥቢያ የሚለው ስም ቀርቶ ማኅበረሰብ ተባለ።

እኔን እንደ ሙያዬ የሳበኝ አሠራሩ ነው። ሕጉ የጻፈው ነገር አንድ ጥሩ ፕሮግራመር የጻፈው ይመስላል። ስብሰባ ሦስት ሙሉ ቀን ሲቀረው ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት። ምልዓተ ጉባኤው የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ሆኖም ከሦስት ሰው ማነስ አይችልም። ያለ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ስድስት ወር ሙሉ የቀረ አባል ወንበሩን ያጣል። ድምፅ እኩል ከተከፈለ ሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ አለው። በመጠነኛ ዋጋ ሌላ አዳራሽ ማግኘት ካልተቻለ በስተቀር መጠጥ በሚሸጥበት ቤት መሰብሰብ ክልክል ነው። ቃለ ጉባኤው በነጠላ ወረቀት ከተያዘ ገጾቹ በተከታታይ ይቆጠራሉ፤ ሰብሳቢው እያንዳንዱን ገጽ በአጭር ፊርማ ይፈርምበታል። ወረቀት መሃል ላይ ማስገባት ወይም ማውጣት እንዳይቻል ማለት ነው። እኛ ኮድ ላይ ማን መቼ ምን ለወጠ የሚለውን ለመያዝ የምንደክመውን ያህል እነሱም ደክመዋል። ሕዝብ ገብቶ የማዳመጥ መብት ያገኘው ደግሞ በ1960 ሕግ ነው። ረቂቁን ያቀረቡት ያኔ አዲስ የፓርላማ አባል የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ንግግራቸውን ያደረጉትም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ የሚል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ራሴን ጠየቅኩ፦ ይሄ ሰነድ ለምንድን ነው በሁለት ቋንቋ የሆነው? ለኔ መሞከሪያ እንዲመች አይደለም መቼም።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ዌልስ በሕግ ከእንግሊዝ ጋር ስትቀላቀል፣ የፍርድ ቤትና የመንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ሰው እቤቱ፣ ገበያው፣ የጸሎት ቤቱ ውስጥ ዌልሽኛ ይናገራል፤ ወረቀት ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በ1952 በደቡብ ዌልስ፣ ላንገነች በምትባል መንደር፣ ትሬቮርና አይሊን ቢዝሊ የሚባሉ ባልና ሚስት የቤት ግብር መጠየቂያ ደረሳቸው። እሱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ እሷ መምህርት። መጠየቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ግብር አንከፍልም አላሉም፤ በዌልሽኛ ጻፉልን፣ እንከፍላለን አሉ። የላነሊ ገጠር ወረዳ ምክር ቤት እምቢ አለ። የሚያናድደው፣ አካባቢው በአብዛኛው ዌልሽኛ ተናጋሪ ነው። ምክር ቤት የተቀመጡት ሰዎችም ቢሆኑ ቋንቋውን የማያውቁ ባዕዳን አልነበሩም። እንግሊዝኛው ማንም ሳይጠይቅ የቀጠለ ልማድ ነበር።

ነገሩ ስምንት ዓመት ፈጀ። ባልና ሚስቱ ከአሥር ጊዜ በላይ ፍርድ ቤት ቆሙ። የፍርድ አስፈጻሚዎች እየመጡ የቤቱን ዕቃ ወሰዱ፤ ፒያኖው ሳይቀር ሄደ። ትንንሽ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ነበር። በመሃሉ አይሊን ለዚያው ለሚከሳቸው ምክር ቤት ተወዳድራ ተመርጣ ገባች። በ1960 በመጨረሻ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ መጠየቂያ መጣ። አንድ ወረቀት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደራሲው ሳውንደርስ ሉዊስ በሬዲዮ ባደረገው ንግግር የነሱን ትግል ለአገሩ ሁሉ ምሳሌ አድርጎ አቀረበው፤ በዚያው ዓመት የዌልሽኛ ቋንቋ ማኅበር ተመሠረተ። ለቋንቋው መብት የሰጡ ሕጎች በ1967፣ በ1993 እና በ2011 ተከታትለው ወጡ። እኔ ለመሞከሪያ ብዬ ያወረድኩት ፋይል፣ ያ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ሁለት ዓምድ፣ የሰው ሳሎን ባዶ የቀረበት ነው።

ትንሽ ምክር ቤት ምን ያህል አቅም እንደሌለው የሚያሳየው ታሪክ ደግሞ በሰሜን ነው። የሊቨርፑል ከተማ ውኃ ፈለገ፤ የመረጠው የትሬወሪንን ሸለቆ ነበር። እዚያ ካፔል ኬሊን የሚባል ዌልሽኛ ተናጋሪ መንደር ነበረ፤ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤትና የጸሎት ቤት ያለው። ከተማው ከዌልስ የአካባቢ አስተዳደሮች ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም። ጉዳዩን በቀጥታ ለንደን ፓርላማ ወስዶ፣ አብዛኞቹ የዌልስ የፓርላማ አባላት እየተቃወሙት፣ በ1957 ሕግ አስወጣበት። የመንደሩ ሰዎች ሊቨርፑል ድረስ ሄደው ሰልፍ ወጥተው ነበር። በ1965 ግድቡ ተመረቀ፤ መንደሩ ውኃ ውስጥ ነው። በ2005 የሊቨርፑል ምክር ቤት ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ ቃለ ጉባኤዎቹ ስመለስ ደብዳቤዎቹን እንደ በፊቱ ማየት አቃተኝ። መጀመሪያ ላይ ያስቁኝ ነበር። ደብዳቤ ብቻ የሚጽፍ ምክር ቤት ምን ያደርጋል? አሁን የሚመስለኝ፣ ደብዳቤው ባይሰማ እንኳ መጻፉ ቀኑን ይመዘግባል። አናውቅም ነበር የሚል ሲመጣ ቀንና ፊርማ ያለው ገጽ አለ።

ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። በብዙ ቦታ ለወንበሩ የሚበቃ ዕጩ ስለማይገኝ ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ ያመለከተው ሁሉ ይገባል፤ የጎደለውን ምክር ቤቱ ራሱ ሰው ፈልጎ ይሞላል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚከፈለው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ከታመመ ሥራው ይቆማል። ቋንቋውም ቢሆን ሕግ ስላገኘ ብቻ አልዳነም። በ1911 ቆጠራ ከሕዝቡ 43 በመቶ ያህሉ ዌልሽኛ ይናገር ነበር፤ በ2021 ወደ 17.8 በመቶ ወርዷል። ቃለ ጉባኤው በሁለት ቋንቋ የሚታተምበት፣ ስብሰባው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚካሄድበት መንደር አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ ሰዉ በዌልሽኛ ይከራከራል፣ ለማይችለው በጆሮ ማዳመጫ ይተረጎምለታል።

አዲስ ነገርም አለ። በ2013 ሕግ ምክር ቤቶቹ ቃለ ጉባኤያቸውን ኢንተርኔት ላይ እንዲያወጡ ተገደዱ፤ እኔ ያገኘሁትም በዚህ ምክንያት ነው። በ2021 ሕግ ከቤት ሆኖ በስልክና በኮምፒውተር መሰብሰብ ተፈቀደ። የመምረጫ ዕድሜ 16 ሆነ። በሕጋዊ መንገድ ዌልስ የሚኖር የውጭ ዜጋም፣ የየትም አገር ሰው ቢሆን፣ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት ቻለ። እዚያ የሚኖር የኛ ሰው ፓስፖርቱን ሳይቀይር በሰፈሩ የእግር መንገድ ጉዳይ ድምፅ አለው ማለት ነው። የግብር ወረቀቱም በሁለት ቋንቋ ይመጣለታል። ዌልሽኛውን ላያነበው ይችላል፤ እኔም አላነበውም።

ፕሮግራሙ አልቋል፣ ይሠራል። ፋይሎቹን ግን አላጠፋኋቸውም። ወንበሩ በስምንተኛው ወር ተተክሏል፤ የአናጺው ሂሳብ እንዲከፈል ተወስኖ፣ ገጹ ተፈርሞበታል።