የሻምበል ማይልስ ስታንዲሽ የዘር ሐረግ ፍለጋ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶቻችን። ሰው ወዴትም ቢሰደድ፣ አባቴ ማን ነው፣ አያቴስ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በታሪክ ትምህርታችን ስለ አሜሪካ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች ስንማር የአንድ ወታደር ነገር አሳባችንን ሳበው። ይህ ሰው ሻምበል ማይልስ ስታንዲሽ ነው። በአሜሪካ የሠራው ሥራ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ ወላጆቹ እነማን እንደ ነበሩ ግን እስከ ዛሬ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ስለዚህ የዘሩ ፍለጋ እንዴት እንደ ተካሄደ ለውድ አንባቢዎቻችን ባጭሩ ልንገልጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ስታንዲሽ በወጣትነቱ በሆላንድ አገር በወታደርነት አገለገለ። በዚያን ጊዜ ስለ ሃይማኖታቸው ከእንግሊዝ አገር የተሰደዱ ክርስቲያኖች በሆላንድ በላይደን ከተማ ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1620 ሜይፍላወር በምትባል መርከብ ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ፣ የጦርን ነገር የሚያውቅ ሰው ስላስፈለጋቸው ስታንዲሽ አብሯቸው ሄደ። መንገደኞቹ 102 ነበሩ። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ግማሽ ያህሉ በበሽታ አለቁ፤ የስታንዲሽ ሚስት ሮዝም በ1621 መጀመሪያ ሞተች። የሰፈሩ አገረ ገዥ የነበረው ዊልያም ብራድፎርድ እንደ ጻፈው፣ መከራው በጸናበት ጊዜ ጤነኛ የቀሩት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስታንዲሽም ከነዚሁ አንዱ ሆኖ ሕመምተኞችን አስታመመ። ሰይፍ የለመደ እጅ በዚያ ወራት እንጨት ሲለቅምና እሳት ሲያነድ ነበር።

ሻምበሉ በኋላ ደክስበሪ በተባለው ስፍራ ተቀምጦ ልጆች አሳደገ፤ በጥቅምት ወር 1656 ሞተ። የዘሩ ክርክር የተነሣው በዚያው ዓመት ከጻፈው ኑዛዜ ነው። በኑዛዜው ላይ፣ ቅድመ አያቱ የታላቁ የስታንዲሽ ቤት ታናሽ ወንድም እንደ ነበረ ይናገራል። በእንግሊዝ አገር በላንካሺር አውራጃ፣ በኦርምስከርክና በአካባቢው፣ እንዲሁም በማን ደሴት ላይ የሚገኘው ርስት በሕግ የእርሱ ሲሆን በተንኮል እንደ ተያዘበት ገልጾ፣ መብቱን ለልጁ ለአሌክሳንደር ያወርሳል። እንግዲህ ልጁ የተቀበለው መሬቱን ሳይሆን ክርክሩን ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1846፣ በአሜሪካ የሚኖሩ የስታንዲሽ ዘሮች ያንን ርስት ለማስመለስ ወደ እንግሊዝ አገር ወኪል ላኩ። ወኪሉም በላንካሺር የቾርሊ ቤተ ክርስቲያንን መዝገብ አገላብጦ፣ የ1584 ገጽ የማይነበብ ሆኖ አገኘው። ወዲያውም ማስረጃውን ለማጥፋት ሆን ተብሎ የተፋቀ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ብዙ መጻሕፍት ስታንዲሽ በ1584 ገደማ ተወለደ ማለታቸው ከዚሁ የተያያዘ ነው። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፤ የማይነበብ ገጽ ለከሳሽስ ቢሆን እንዴት ምስክር ይሆናል? ፈላጊዎቹ የሚሹትን አስቀድመው ስለ ወሰኑ ባዶውን ገጽ እንኳ ለራሳቸው አስመሰከሩት። ርስቱም አልተመለሰም።

በ1914 ቶማስ ክራዳስ ፖርቲየስ የተባለ በላንካሺር የሚኖር ቄስ በሌላ መንገድ ፍለጋውን ጀመረ። በኑዛዜው የተጠሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ ይዞ፣ በዱሮ ጊዜ የማን እንደ ነበሩ ከቆዩ የመሬት ሰነዶች መረመረ። ቦታዎቹም ዘሮቹ እንዳሰቡት በቾርሊ አጠገብ የነበረው የስታንዲሽ ቤት ሳይሆኑ፣ የኦርምስከርክ ስታንዲሾች ይዞታ እንደ ነበሩ አሳየ። ይህም ቤተ ሰብ በማን ደሴት ላይ ቅርንጫፍ ነበረው። ስለዚህ አንዳንዶች ሻምበሉ የተወለደው በማን ደሴት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በ1669 የታተመውን የናትናኤል ሞርተንን መጽሐፍ ይዘው በላንካሺር ነው ይላሉ። ክርክሩ አሁንም አልተቋጨም።

በአሜሪካ ያለው የሐረጉ ክፍል ግን ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ሁለተኛዪቱ ሚስቱ ባርባራ በ1623 መጣች። በ1627 የሰፈሩ ከብት ሲከፋፈል ስሟ ከሦስት ልጆቿ ጋር ተመዝግቧል። ልጁ አሌክሳንደር የጆን ኦልደንን ልጅ ሣራን አገባ። በ1858 የታተመው የሎንግፌሎ ግጥም ስታንዲሽንና ኦልደንን በአንዲት ልጃገረድ ምክንያት ባላንጣ ቢያደርጋቸውም፣ መዝገቡ የሚያሳየው አማቾች መሆናቸውን ነው። ልጁ ሎራ ከአባቷ በፊት ሞተች፤ እርሱም በኑዛዜው ከእርስዋ አጠገብ እንዲቀበር ለመነ። ሎራ በእጅዋ የጠለፈችው ጥልፍ ዛሬ በፕሊመዝ ከተማ ሙዚየም ይታያል። ከባሕር ማዶ ካለው ርስት ሁሉ ይልቅ ይህች ቁራጭ ጨርቅ አባትና ልጅን በእርግጥ ታስተዋውቀናለች።

አባትን የሚፈልግ ሰው ግን መልካሙን ብቻ መርጦ ሊወስድ አይገባውም። በ1623 ስታንዲሽ ወደ ዌሳጉሰት ሄዶ ፔክሱኦትና ዊቱዋማት የተባሉትን የማሳቹሴት ነገድ ጦረኞች በቤት ውስጥ አስገድሏል፤ የዊቱዋማትም ራስ በፕሊመዝ ምሽግ ላይ ተሰቀለ። የሰፋሪዎቹ መምህር ጆን ሮቢንሰን ይህን ሲሰማ ከላይደን የሐዘንና የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፈ። ሕመምተኞችን ያስታመመውና ይህን ያደረገው ያው አንድ ሰው ነው።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የተማርነው ይህ ነው። ርስት ለማግኘት ወይም ለመመካት ብሎ አባቱን የሚፈልግ የሚሻውን ብቻ ያያል፤ እውነትን ለማወቅ የሚፈልግ ግን አባቱን እንደ ነበረ ያገኘዋል። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፈው። የኋላው ትውልድ የተፋቀ ገጽ እንዳያገኝ ብዕሩ ዛሬ በእጃችን ነው።