ጋራድ፣ ሐባ ሶዳ፣ ኒሚቲ፦ የካርቱም ወቅታዊ አለርጂና የዕፅዋት መድኃኒቱ ታሪክ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ አል ሞግራን በተባለው ስፍራ የሚገናኙባት ካርቱም የአፍንጫና የሳንባ ሕመም ከወቅት ወቅት መልኩን እየለወጠ የሚመላለስባት ከተማ ናት። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር በኃይል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ደረቁን ምድር እየጠረገ ሱዳናውያን «ሃቡብ» የሚሉትን ግድግዳ መሰል የአቧራ ማዕበል ያስነሣል፤ «ኸሪፍ» የሚባለው የዝናብ ወቅት ሲያበቃ የሣሩና የዛፉ አበባ ብናኝ ይከተላል፤ የበጋው ብርድ ሲገባ ደግሞ ከወንዙ ዳር የሚነሡ ደቃቅ ነፍሳት በየመብራቱ ሥር ይርመሰመሳሉ። የከተማዋ ነዋሪ ይህን ሁሉ በጥቂት ስሞች ይጠራው ነበር፦ ንፍጥና ማስነጠሱ «ነዝላ» ወይም «ዙካም»፣ የትንፋሽ ማጠሩ «አዝማ» ይባል ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው «ሐሳሲያ»፣ ማለትም አለርጂ፣ የሚለው መጠሪያ ከዘመናዊው ሕክምና ጋር የመጣ ነው። ስለዚህ ካርቱም ለወቅታዊ አለርጂ ምን ዓይነት ዕፅ ትጠቀም እንደነበር የሚመረምር ሰው ፍለጋውን መጀመር ያለበት ከጉንፋንና ከሳል መድኃኒቶች መካከል ነው።

ሕመሙ ግን ስሙን ከማግኘቱ ብዙ ዘመን በፊት ይታወቅ ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ10ኛው መጀመሪያ የኖረው የሬይ ከተማ ሐኪም አቡ በክር አል ራዚ፣ አቡ ዘይድ አል በልኺ የተባለው ሊቅ ጽጌረዳ በሚያብብበት የጸደይ ወራት ስለሚይዘው የአፍንጫ ፍሳሽ አንድ አጭር ድርሰት የጻፈ ሲሆን፣ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ድርሰት ስለ ወቅታዊ አለርጂ ከተጻፉት እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። «አለርጂ» የሚለውን ቃል የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የፈጠረው በ1906 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ቃሉም የሰውነት መከላከያ ኃይል ጉዳት በማያደርስ ነገር ላይ ሲቆጣ የሚፈጠረውን ሁኔታ ለመግለጽ ዋለ።

ካርቱም በ1821 የግብጽ ጦር ሰፈር ሆና ተቆረቆረች፤ በ1885 በመህዲ ሠራዊት እጅ ከወደቀች በኋላም የአገሩ መዲና ከወንዙ ማዶ ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ። የዕፅዋት ንግዱ ማዕከልም እስከ ዘመናችን ድረስ የኦምዱርማን ገበያ ነበር። በዚያ ገበያ ሽቶ፣ ዕጣን፣ ቅመምና ደረቅ ዕፅ አንድ ላይ የሚሸጠው ነጋዴ «ዓጣር» ይባላል፤ ቃሉ «ዒጥር» ከሚለው የመዓዛ ስም የወጣ ሲሆን፣ ዓጣሩ ግን ከሽቶ ነጋዴነት አልፎ የታማሚውን ሁኔታ ጠይቆ፣ ዕፁን መጥኖና ቀላቅሎ የሚሰጥ፣ በአዲስ አበባ መርካቶ ከሚገኙት የባህል መድኃኒት ነጋዴዎች ጋር የሚመሳሰል ሰው ነው። ሸቀጡም የሱዳንን የንግድ መስመሮች ሁሉ ያሳያል፤ ሙጫው ከኮርዶፋን፣ ከርከዴውና የባኦባብ ፍሬው ከምዕራቡ አገር፣ ቡናው ደግሞ በመተማና በገላባት በኩል ከኢትዮጵያ ይመጣ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ከካርቱም ምድር ጋር ይበልጥ የተቆራኘው ጋራድ ነው። ጋራድ ማለት «ሱንት» የተባለው የግራር ዓይነት የሚያፈራው፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በመካከሉ ጠበብ ጠበብ ያለ የዘር ቆብ ሲሆን፣ ዛፉ በጎርፍ የሚጥለቀለቅ የወንዝ ዳር ስለሚወድ በሁለቱ ዓባዮች ዳርቻ በብዛት ይበቅላል፤ ካርቱም ውስጥ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከመገናኛው አጠገብ የሚገኘው ደንም የሱንት ደን ይባላል። ቆቡ ታኒን የተባለ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ቆዳ ፋቂዎች ከጥንት ጀምረው ሲፈልጉት የኖሩ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ደግሞ ነዝላ የያዘው ሰው ከከሰል ፍም ላይ ጥቂት ጋራድ ጣል አድርጎ፣ «ቶብ» በሚባለው መጎናጸፊያ ወይም በብርድ ልብስ ተከናንቦ ጭሱን ይታጠነዋል፤ ጉሮሮው የቆሰለም ቆቡን በውኃ ዘፍዝፎ ይጉመጠመጥበታል። ሁለቱ አጠቃቀሞች በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። መጉመጥመጡ ያበጠውን የጉሮሮ ሽፋን በታኒኑ ኃይል እንደሚያኮማትር በቀላሉ የሚገባ ነገር ነው፤ ጭሱ ግን፣ የየትኛውም ዕፅ ጭስ ቢሆን፣ የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ የበለጠ ሊያጠበው ይችላል፤ በመሆኑም ለነዝላ የታሰበው መታጠኛ ለአዝማ ሲውል መድኃኒትነቱ ቀርቶ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ነዝላንና አዝማን በስም ለይቶ የሚያውቀው ቤተሰብ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ሊነሡ እንደሚችሉ ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከጋራድ ቀጥሎ የሚጠራው «ሐባ ሶዳ»፣ የእኛው ጥቁር አዝሙድ ነው። ተወቅጦ በቀጭን ጨርቅ ተቋጥሮ በአፍንጫ ይሳባል፤ ከማር ጋር ተለውሶም ይበላል። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጨርቁ፣ ቋጠሮውና ማሽተቱ ሳይቀር በጎንደርም በአዲስ አበባም ያው ነውና። በ1960ዎቹ የግብጽ ተመራማሪዎች ከዚሁ ዘር ዘይት «ናይጀሎን» እና «ታይሞኪኖን» የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለይተው፣ ናይጀሎንን በአስም ሕመም ላይ እስከ መሞከር ደርሰዋል። ከጠጅ ሣር ጋር አንድ ወገን የሆነው መዓዛማ ሣር «መሐረብ»፣ መራራው የበረሃ ቁጥቋጦ «ሐርጀል»፣ ዝንጅብል፣ አብሽና የዘይቱን ቅጠል እየተፈሉ ይጠጣሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ዳማከሴንና ጤና አዳምን ሲመርጥ ካርቱም በረሃ የሚችሉትን መምረጧ የምድሩ ጉዳይ ነው። ከዕፁ ጎን ለጎን «ፈኪ» የሚባለው የሃይማኖት መምህር የቁርኣን ቃል የጻፈበት ወረቀት፣ «በኸራ» የሚሉት፣ በፍም ላይ ተቃጥሎ ይታጠን ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ዕፁና ጸሎቱ ሳይነጣጠሉ በአንድ ምድጃ ላይ ይጨሱ ነበር።

ከዓጣሩ መደርደሪያ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ አንድ ዕፅም አለ። «ኸላ» የተባለው፣ በናይል ሸለቆ የሚበቅለውና ከድንብላል ጋር የሚዛመደው ተክል በግብጽ ለኩላሊት ጠጠር ሲያገለግል የቆየ ሲሆን፣ በ1940ዎቹ ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንሬፕ «ኬሊን» የተባለው የተክሉ ንጥረ ነገር የልብ ደም ሥሮችን እንደሚያላላ አሳየ። ኬሊን የሳንባ ቧንቧንም የሚያላላ በመሆኑ እንግሊዝ ውስጥ የኬሊን ዘመድ የሆኑ ውሁዶች ለአስም ይቀመሙ ጀመር፤ ራሱ አስም የነበረበት፣ በሐለብ የተወለደው ሐኪም ሮጀር አልቱንያንም የሚያስቆጣውን የእንስሳ ቅንጣት ሆነ ብሎ እየሳበ ውሁዶቹን በገዛ ሰውነቱ ላይ ሲሞክር ከቆየ በኋላ፣ በ1965 ዲሶዲየም ክሮሞግላይኬት የተባለው መድኃኒት ተገኘ። መድኃኒቱ የተነሣውን ሕመም ከማስታገስ ይልቅ ቁጣው ከመነሣቱ በፊት የሚያግድ በመሆኑ ለአስምም ለወቅታዊ የአፍንጫ አለርጂም ዋለ። የአገር ዕፅ ዋጋ ቢስ ነው የሚለው ንቀትም፣ እንዳለ ያድናል የሚለው እምነትም የዚህን ዕፅ ታሪክ አይመጥኑትም።

ስለ ካርቱም ዕፅዋት የጽሑፍ መረጃ መሰብሰብ የጀመረው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ በ1903 በተከፈተውና አንድሩ ባልፎር በመራው የዌልካም የትሮፒክ ምርምር ላቦራቶሪ ነው። በ1908 በወጣው የላቦራቶሪው ሦስተኛ ሪፖርት ውስጥ ሐሰን ኤፈንዲ ዘኪ በመህዲና በተተኪው በኸሊፋው ዘመን ስለነበረው የፈውስ ጥበብ ጽፏል፤ የፒርኬ ቃል ገና የሁለት ዓመት ዕድሜ ነበረውና በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለርጂን በስሙ መፈለግ ከንቱ ነው። በ1939 አሕመድ አብደል ሐሊም ስለ ሰሜን ሱዳን ባህላዊ ሕክምና አሳተመ፤ በ1970 አሕመድ አል ሳፊ ተከተለው፤ በ1980ዎቹ ደግሞ አል ገዛሊ የሱዳንን የመድኃኒት ዕፅዋት በተከታታይ መጻሕፍት አወጣ። ታማሚው በየትኛው ወር ዓጣሩ ዘንድ ይመጣ እንደነበር የሚመዘግብ ሰው ገና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የወቅታዊ አለርጂ ታሪክ ዛሬ እጅግ በተሻለ ይታወቅ ነበር፤ በአገሩ ጥበብ ላይ የደረሰ እውነተኛ ጉዳት የዚህ መዝገብ አለመኖር ነው።

ምክንያቱም ወቅቱ ራሱ ተለውጧል። «መስኪት» የተባለውን፣ የአበባ ብናኙ አለርጂ የሚያስነሣውን የአሜሪካ ዛፍ በ1917 የመንግሥቱ የዕፅዋት ሊቅ ማሲ አስገብቶ ካርቱም አካባቢ ተከለው፤ ዛፉ በረሃውን ያግዳል ተብሎ ቢመጣም በኋላ እርሻን የሚወር አረም ሆነ። ከዚህ የከበደው ግን የውኃው ጉዳይ ነው። በ1925 በጥቁር ዓባይ ላይ የሰናር ግድብ፣ በ1937 ደግሞ ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ላይ የጀበል አውሊያ ግድብ ተጠናቀቁ፤ ደለሉ ወደ ታች ዘቅጦ የሚጠራው፣ የሚረጋው ውኃ ለዋቅላሚ ተመቸ፤ ዋቅላሚውም «ኒሚቲ» ለሚባለው ደቃቅ የወንዝ ነፍሳት እጭ ምግብ ሆነ። አረንጓዴው ኒሚቲ አይናከስም። በብርድ ወራት ግን በደመና መልክ ከወንዙ ይነሣል፣ በመብራት ሥር ይከመራል፣ ሲደርቅም ተፈርፍሮ ከአቧራው ጋር ይተነፈሳል። የሱዳን መንግሥት የነፍሳት ሊቅ የነበረው ሉዊስ አጥንቶታል፤ ነፍሳቱም ክላዶታኒታርሰስ ሉዊሲ ተብሎ በእርሱ ስም ተሰይሟል። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የውኃ ሥነ ሕይወት ሊቅ ዩልያን ዥውስካም በ1964 ስለዚሁ የነፍሳት ወረራ ጽፏል።

ከ1978 ጀምሮ ኬይ፣ ጋድ አል ረብና ባልደረቦቻቸው ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በኒሚቲ ወራት በአስምና በአፍንጫ ፍሳሽ የሚሠቃዩ ሱዳናውያን ደም ውስጥ ነፍሳቱን ለይቶ የሚያጠቃ «አይጂኢ» የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ዋና ቀስቃሹም ለእጩ ቀይ መልክ የሚሰጠው የሄሞግሎቢን ፕሮቲን መሆኑ ተለየ። በየበጋው ነዝላ ይዞት ጋራድ ሲታጠን የኖረው የወንዝ ዳር ነዋሪ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ሲታከም የኖረው ግድቦቹ ያበዙትን ሕመም ነበር። ነፍሳቱን ከደጅ ለማባረር የሚጨሰው ጭስ በዚህ ረገድ ከሚታጠነው ጭስ ይልቅ ወደ ሕመሙ ሥር የቀረበ ነበር፤ የመጀመሪያው ኒሚቲው ሳንባ ከመግባቱ በፊት ሲመክተው፣ ሁለተኛው ከገባ በኋላ የሚመጣ ነበርና።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተጀመረው ጦርነት ከካርቱምና ከኦምዱርማን ሚሊዮኖች ተሰደዱ፤ አሮጌው የኦምዱርማን ገበያም ከተቃጠሉትና ከተዘረፉት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ገበያው የደረሰበት ጥፋት ከሸቀጡ በላይ ነው፤ ስንት የጋራድ ቆብ ለስንት ውኃ እንደሚዘፈዘፍ፣ የትኛው ዕፅ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የሚያውቀው ዓጣር ይህን ዕውቀት በእጁና በቃሉ ብቻ ይዞ ከሱቁ ወጥቷልና።