ዱባና ቅል በጅጅጋ ማእድ ቤት

በጅጅጋ ገበያ የሚሸጠው ዱባ ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ ተክል ነው፤ በሜክሲኮ ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት የለመደ ሲሆን፣ አትላንቲክን የተሻገረው ከ1492 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስሙ ግን ከራሱ ይቀድማል። የአማርኛው «ዱባ» የመጣበት «ዱባእ» በጥንታዊው ዐረብኛ የቅል መጠሪያ ነበር፤ ስለዚህ ነቢዩ መሐመድ ከመረቅ ውስጥ እየፈለጉ ይበሉት እንደነበር በሐዲስ፣ ማለትም ቃላቸውንና ተግባራቸውን በሚያወሳው ትውፊት፣ የሚነገርለት አትክልት የዛሬው ዱባ ሊሆን አይችልም። ዐረብኛ ያዛመዳቸውን ሁለቱን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ብሎ የለየው የአማርኛ ተረት መሆኑ ያስገርማል።

ጅጅጋ ከሐረር ወደ በርበራ በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ የጦር ሰፈር ሆነች፤ ወታደሩና ነጋዴው የደጋውን ወጥና ጾም ይዘው ሲመጡ፣ ዱባን «ቦዖር» የሚለው ሶማሌ አርብቶ አደር በበኩሉ ከወተትና ከሥጋ የተሠራ ማእድ ነበረው። ደገኛው በቅል የሚንጠውን ወተት እርሱ ከዛፍ ሥር ቃጫ በተሠራ «ሃን» በተባለ ዕቃ ይንጣል።

ያልለመዱትን ዱባ ማሰናዳት በመልክ መለየት ይጀምራል፤ የበሰለው እንጨት የመሰለ ደረቅ እጀታና ጥፍር የማይበሳው ቆዳ አለው። ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ፍሬውና ክር ክር የሚለው ሆዱ በማንኪያ ይፋቃል፣ ከጥሬው ሥጋም ቁራጭ በምላስ ይቀመሳል፤ ምክንያቱም የምድር እምቧይን በመሳሰሉ የዱር ዘመዶቹ የሚገኘው ኩኩርቢታሲን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር በመፍላት የማይጠፋ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ በመሆኑ የመረረ ዱባ ይጣላል እንጂ አይበስልም። ጣፋጩ ተልጦ በትልልቁ ይቆረጥና ቁሌቱ፣ ማለትም በዘይትና በበርበሬ የበሰለው ሽንኩርት፣ ላይ ይጨመራል፤ ራሱ ውኃ ስለሚያወጣ ብዙ ውኃ አይሻም። ፍሬውም አይጣልም፤ በምጣድ ተቆልቶ ይቆረጠማል፣ ከኮሶና ከእንቆቆ ጋርም የኮሶ ትል መድኃኒት ተብሎ ይታወቃል።

ጣሊያኖች ጅጅጋን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዘው ነበር፤ የዱባ ዘመድ የሆነው አትክልት «ዝኩኒ» የሚለው ስምም የእነርሱ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ «ትንንሽ ዱባዎች» ነው። ዝምድናው ግን ለምግብ ሠሪ መመሪያ አይሆንም፤ ዝኩኒ በለጋነቱ የሚለቀም ስለሆነ አይላጥም፣ ፍሬውም አይወጣለትም፣ እንደ ዱባ ወጥ እሳት ላይ ከቆየም ይሟሟል።