የጅግጅጋ ገበያና የሩቅ ወደቦች

የማህበራችንን የብድር መዝገብ በዘጋን ቁጥር አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። ክፍያ የዘገየባትን አባል ምክንያቱን ስንጠይቃት መልሷ ብዙ ጊዜ ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ነው፦ መንገድ ተዘጋ፣ ዶላር ጨመረ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ቀረ። እኛም በመዝገቡ ላይ «ዘገየች» ብለን እናልፋለን። ይህች አንዲት ቃል ትበቃ እንደሆነ ለማየት የገበያችንን ታሪክ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንቃኝ።

ከባቡር በፊት የሐረር ቡናና ቆዳ በግመል ወደ ዘይላና በርበራ ይወርድ ነበር። በ1889 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዝ ባደረጉት ውል ወሰን ሲካለል፣ መስመሩ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬት ለሁለት ከፈለው። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ንግዱ ወደ ሐዲዱ ዞረና ዘይላ ተዳከመች። በግመል ጭነት የሚኖረው ሰው ግን ጥፋት አልነበረበትም።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ጀመረ፤ መስከረም 1970 ጅግጅጋ ተያዘች። ሶቪየት ኅብረት የቀድሞ ወዳጇን ሶማሊያን ትታ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ከተማችን በየካቲት መጨረሻ 1970 ተመለሰች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ መቀመጫውን በኢትዮጵያ ያደረገው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ወደ ሰሜን ሶማሊያ ገብቶ ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ እኛ ሸሸ።

ሐርትሼክ በዓለም ካሉ ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ፤ ትልቅ ገበያም ሆነ። ሩዝ፣ ዘይት፣ ጨርቅና ሰልባጅ ከበርበራ በኩል እየመጣ ይራገፍበት ነበር። ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ንግድ ነው። መጠለያው በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ የገበያው ድምቀት ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ጅግጅጋ ዞረ።

መስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ እንስሳትን አገደች። ጉዳቱ የደረሰው በአርብቶ አደሩ ላይ ብቻ አልነበረም። ነጋዴው በግና ግመል ሸጦ ባገኘው የውጭ ገንዘብ ነበር ሩዝና ስኳር የሚያስገባው። የከብቱ መንገድ ሲዘጋ ሱቁም ተራቆተ።

የቅርቡን ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዲፒ ወርልድ በሚያስተዳድረው የበርበራ ወደብ የ19 በመቶ ድርሻ እንደሚኖራት ተነገረ፤ ነገሩ ግን ሳይፈጸም ቀረ። በ2013 አዲሱ የኮንቴይነር ማራገፊያ ሥራ ጀመረ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቃወመች፤ በዓመቱ ሁለቱ አገሮች አንካራ ላይ ለመስማማት ተቀመጡ። በዚያው ጊዜ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን እያጠቁ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ብድር የወሰደች እህታችን፣ በአንድ ወር ውስጥ በዚያው ብር የምትገዛው ዕቃ አንሶባታል። ሥራዋን አልበደለችም።

ወደብ የምንከራይ፣ የምንዛሪ ተመን የምናወጣ እኛ አይደለንም። መዝገባችን ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ገበያ ወይም መንገድ ተዘግቶባት የዘገየችው ካለ ምክንያት ከዘገየችው ተለይታ ትመዝገብ፤ የእፎይታ ጊዜም ይሰጣት። ሁለተኛ፣ ከአገልግሎት ክፍያው ጥቂት እየተቀነሰ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ብድር የምትወስድ አባል ገንዘቧን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ እንዳታውል አስቀድመን እንመካከር።

ደጋፊዎቻችንም የዓመቱን የብድር አመላለስ ስትመለከቱ ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱን እንድታነቡልን እንጠይቃለን። እናቶቻችን ከሐርትሼክ ጀምሮ በሀግባድና በእቁብ ተደጋግፈው ያለፉት፣ ዕዳ ያለባትን ሳይሆን ችግር የገጠማትን መለየት ስለሚያውቁ ነው። እኛም ያንን በጽሑፍ እናድርገው።